ባሌ ስለደበደበኝ ኢንሹራንስ ሊከለክሉኝ ይችላሉ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ሳቢያን ውስጥ በራሷ ንግድ ፈቃድ የምትሠራበት ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ባሏ ደብድቧት የግራ ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ለፖሊስም አመልክታለች። አሁን ሁለት ልጆቿን ይዛ ሐረር እህቷ ቤት ነው ያለችው። ፍቺው ገና ድሬ ፍርድ ቤት ነው፤ እሷም ለሱቁ እየተመላለሰች ትሠራለች። ባልየው «ሱቁን አቃጥለዋለሁ» ብሎ በሰው ልኮባታል። ለራሷ የሕይወትና የሕክምና፣ ለሱቁ ደግሞ የእሳት ኢንሹራንስ ልትገባ ፎርም ስትሞላ «ባለፉት 5 ዓመታት ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ? ምክንያቱ?» የሚለው ጋ ስትደርስ ወኪሉ «ባሌ መታኝ ብለሽ ከጻፍሽ አይቀበሉሽም፤ ደረጃ ላይ ወደቅኩ በይ» አላት። መዋሸት አለብኝ? እውነቱን ብጽፍ ሊከለክሉኝ ይችላሉ? ባሌስ አድራሻዬን በዚህ በኩል ሊያገኘው ይችላል? ትላለች።

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይመቸን ታውቂያለሽ። ከሁሉ በፊት እንኳን ተረፍሽ። እንኳንም ሆስፒታል ሄድሽ፣ እንኳንም ፖሊስ ጋ ሄድሽ። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደምታዪው እነዚያ ሁለት ወረቀቶች ዋና መከላከያዎችሽ ናቸው። እኔ ብዙ ዓመት ኢንሹራንስ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ፎርም ተቀባይ ሆኜ፣ ከዚያ ክሌም ላይ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ የሚታይበት ክፍል። አሁን ጠበቃ ነኝ። የሁለቱንም ወገን ወንበር አውቀዋለሁ።

አትዋሺ። መልሴ ይሄ ነው፣ ምክንያቱን ደግሞ ልንገርሽ።

የኛ የኢንሹራንስ ሕግ ዛሬም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። አዲሱ የ2013 የንግድ ሕግ ብዙውን ክፍል ቢተካም የመድኑን ክፍል አልነካውም። አንቀጽ 667 ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው የሚያውቀውን፣ ለአደጋው ግምት የሚጠቅመውን ነገር ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያዛል። ቀጥሎ ያለው 668 ደግሞ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ይፈርስበታል ይላል። የከፈልሽው አረቦንም፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ክፍያ፣ አይመለስም። ሳታውቂ ተሳስተሽ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ካሳው ይቀነስ ይሆናል እንጂ ውሉ እንዳለ አይጠፋም። «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» ግን ሳያውቁ መሳሳት ሊባል አይችልም።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ኢንሹራንስ ስትገዢ ፋይልሽን በደንብ የሚያገላብጠው ሰው የለም። የሚገላበጠው ካሳ ስትጠይቂ ነው። ያን ቀን ክሌም ክፍል ያለው ሰው የሆስፒታል ካርድሽን ያስመጣል። ካርዱ ላይ ሐኪሙ «በባለቤቷ ተደብድባ» ብሎ ጽፏል። ፎርሙ ላይ «ደረጃ» ይላል፣ ከሥሩም ያንቺ ፊርማ አለ። ያኔ የታመመው ክንድሽ ሳይሆን ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ዓመታት የከፈልሽበት ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ በዚያች አንዲት ቃል ሊሄድ ይችላል። ወኪሉ ያን ቀን አጠገብሽ አይኖርም። ኮሚሽኑን ወስዶ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል።

ከዚህ የባሰም አለ። ባልሽ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በስም ጠርቶ ያስቀጣል። ጠበቃው ይህን ፎርም እጁ ቢያስገባ ምን እንደሚል ይታይሻል? «ራሷ በፊርማዋ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ብላለች» ይላል። ለኢንሹራንስ ብለሽ የጻፍሽው ውሸት ለሱ ነፃ መውጫ ይሆነዋል። ለፍቺውም ለልጆቹም ጉዳይ እንደዚያው። ስለዚህ ያንን ወኪል አመስግነሽ እለፊው።

አለመዋሸት ማለት ግን ያልተጠየቅሽውን ሁሉ መዘክዘክ አይደለም። የተጠየቅሽውን፣ በተጠየቅሽው ልክ መልሺ። ሆስፒታል መተኛትሽን ከጠየቀ «አዎ፤ የግራ ክንድ ስብራት፤ ታክሜ ድኛለሁ፤ አሁን ሕክምና ላይ አይደለሁም» በዪ። ካልዳነ ግን ዳነ እንዳትዪ። ምክንያቱን ከጠየቀ «በሌላ ሰው በደረሰብኝ ጥቃት፤ ጉዳዩ በፖሊስ ተይዟል፤ ከጥቃት አድራሹ ጋር አብሬ አልኖርም» ብለሽ ጻፊ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የመጨረሻዋ ሐረግ ደግሞ ብዙ ትሠራልሻለች፤ ፎርሙን የሚያየው ሰው የሚፈራው ነገር እንደተቀነሰ በራስሽ አፍ ትነግሪዋለሽ። በራስሽ እጅ ሙዪው። ወኪሉ እኔ ልሙላልሽ ካለ፣ ሞልቶ ሲጨርስ እያንዳንዱን መስመር ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ከፈረምሽ በኋላ እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ሊከለክሉሽ ይችላሉ ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሞክሩ ይሆናል። የንግድ ሕጉ የመድን ክፍል በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባትን ሴት በዚህ ምክንያት አትከልክሉ የሚል አንቀጽ የለውም። በ1952 ሲጻፍ ይህ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው፣ ያለ ልዩነት ጥበቃ ያገኛል ይላል፤ በ35 የሴቶችን መብት ለብቻው ዘርዝሯል። ይህ መከራከሪያ ነው፣ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፣ ግን አንድ ቀጥተኛ አንቀጽ ጠቅሶ ጠረጴዛ መምታትን አይተካም። ለዚህ ነው ሕጉ መሻሻል አለበት የምለው፣ ለዚህ ነው ይህን መልስ እንዲህ ያረዘምኩት።

ፎርም ተቀባይ በነበርኩበት ጊዜ የሆነ ነገር አይረሳኝም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያቺ የድሬ ሙቀት፣ አየሩ ራሱ የቆመ የሚመስልበት ሰዓት፤ ቢሮው ውስጥ ከኔና ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። አንዲት ሴት ከመጋላ መጣች፣ በሽርጥ ላይ ሻሽ የለበሰች፣ እስክሪብቶውን ይዛ ቶሎ ቶሎ ትሞላለች። «ተኝተው ታክመው ያውቃሉ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቆመ፣ ቀለሙ ነጥብ ሆኖ ሲሰፋ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በግራ እጇ የሻሹን ጫፍ ስባ አንገቷን ሸፈነች። ቀና ብላ አየችኝና «መጻፍ አለብኝ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ጻፈች። ፋይሉ ወደ ዋናው ቢሮ ሄዶ በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ፣ «ተቀባይነት አላገኘም» ከሚል በቀር ምክንያት የለውም። እኔ ነኝ ደውዬ የነገርኳት። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «ሐኪም ቤት ባልሄድ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር ማለት ነው?»

አዎ፣ ይሰጧት ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሚከለከለው የተደበደበ ሰው ሁሉ አይደለም። የሚከለከለው ተደብድቦ ሐኪም ቤት የሄደ፣ ፖሊስ ጋ የሄደ፣ ማስረጃ የያዘ ነው። ቤቷ ቁጭ ብላ በእሬትና በጨው የምታሻሽ ሴት ፎርሙ ላይ «የለም» ብላ ታልፋለች። ከዚያ ቤት ለመውጣት የደፈረችው ትቀጣለች።

መድን ሰጪዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። «አደጋ አደጋ ነው፣ ማን አደረሰው አያገባንም፤ ደግሞም አንዴ የተደበደበ ሰው ዳግም ሊጎዳ ይችላል።» ይህ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን እስቲ እንየው። አደጋው ያለው ባልየው ዘንድ ነው። እሷ ትታው ሄዳለች፣ ማለትም ለአደጋው መቀነስ የሚደረገውን ትልቁን ነገር አድርጋለች። ሲጋራ ያቆመን ሰው የምናይበት ዓይን አለን፤ ይህችን ሴት በዚያ ዓይን እንኳ አናያትም። ደግሞ ቁጥሩን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከትዳር ጓደኛቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከሦስት ሴት አንዷ ማለት ነው። እውነት ይህ አደጋ መድን የማይችለው ቢሆን ኖሮ የሴቶችን ገበያ እንዳለ መዝጋት ነበረባቸው። አልዘጉም። ምክንያቱም ከተደበደቡት ብዙዎቹ ዝም ብለዋል፣ የተናገሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የአንድ የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ሠራተኞች 16 ትላልቅ መድን ሰጪዎችን ጠይቀው 8ቱ የቤት ውስጥ ጥቃትን ሰው ለመቀበልና ለመከልከል እንደ መመዘኛ እንደሚጠቀሙበት አገኙ። ነገሩ ሲወጣ ብዙ ጩኸት ሆነ። የየስቴቱ የመድን ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለጤና፣ ለሕይወት፣ ሠርቶ ማግኘት ሲያቅት ለሚከፈለው ገቢ፣ ለንብረትም ለየብቻው አራት የሕግ አብነቶች አዘጋጀ፤ ብዙ ስቴቶችም በየራሳቸው ሕግ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገባ የጤና ኢንሹራንስ ሰውን በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ከአባልነት እንዳያስወጣ ከለከለ። ኩባንያዎቹ በዚህ ምክንያት አልከሰሩም። ይህን የምነግርሽ አንቺን እዚያ ለመውሰድ ሳይሆን፣ «አይቻልም» የሚልሽን ሰው ሌላ ቦታ ተችሏል እንድትዪው ነው።

እና ከከለከሉሽ ምን ታደርጊያለሽ? የቃል መልስ ይዘሽ እንዳትወጪ። «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በዪ፣ ማመልከቻሽንም በጽሑፍ አስገብተሽ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቺ። እመኚኝ፣ «ባሏ ስለደበደባት» ብሎ በደብዳቤ ራስ ላይ የሚጽፍ ሥራ አስኪያጅ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ፋይሉ እዚያ ጋ ይከፈታል፣ ወይም ክንዱን ብቻ የማይጨምር ሁኔታ አስገብተው ሌላውን ይሰጡሻል፤ ይህ ከምንም ይሻላል፣ ግን ስትፈርሚ ያወጡት ነገር «ክንድ» ነው ወይስ «ማንኛውም በጥቃት የሚደርስ ጉዳት» የሚለውን ለይተሽ አንብቢ። ሁለተኛውን አትፈርሚ። መልሳቸው ካላረካሽ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ብሔራዊ ባንክ ነውና አቤቱታሽን እዚያ አስገቢ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ። ደብዳቤ ሲጻፍ ያግዙሻል።

ወደ ሱቁ ልሂድ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

የንግድ ሕጉ አንቀጽ 663 ላይ ኢንሹራንስ የማይከፍልበት ነገር አለ፦ ጉዳቱን ተጠቃሚው ራሱ ሆን ብሎ ካደረሰው። ትክክል ነው፣ የራሱን ቤት ያቃጠለ ሰው ሊከፈለው አይገባም። ችግሩ ፖሊሲው ላይ ሁለት ስም ሲኖር ነው። ክሌም ላይ ሳለሁ ባልና ሚስት በጋራ ያስገቡት ሱቅ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ያቃጠለው ባልየው ነው። ድርጅቱ «ከመድን ገቢዎቹ አንዱ ሆን ብሎ አድርጎታል» ብሎ ለሁለቱም አልከፍልም አለ። ሴትየዋ በአንድ ሌሊት በባሏም በኢንሹራንሱም ተቃጠለች። አሜሪካኖቹ ካወጧቸው አብነቶች አንዱ ይህንኑ ነው የሚከለክለው፣ ጥፋት የሌለባት ሚስት ድርሻዋ ይከፈላት ይላል። እኛ ጋ እንዲህ የሚል አንቀጽ ስለሌለ ውሉ ላይ ማስገባት ያንቺ ሥራ ነው።

ስለዚህ ፖሊሲው በንግድ ፈቃዱ ባለቤት፣ ባንቺ ስም ብቻ ይሁን። የሱ ስም በየትኛውም መስመር አይግባ። ድሬ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ 213/1992፤ በሱ መሠረት በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ይህን ይዘው «ዕቃው የሱም ነው» ሊሉሽ ይችላሉ። ለዚህ ነው ኢንዶርስመንት የምትጠይቂው፣ ማለትም ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ወረቀት፦ «የትዳር ጓደኛዋ ወይም የቀድሞ የትዳር ጓደኛዋ ሆን ብሎ የሚያደርሰው ጉዳት የመድን ገቢዋን መብት አይነካም» የሚል። እምቢ ካሉ ሌላ ድርጅት ጠይቂ። ሲከራከሩሽ አንድ ነገር አስታውሻቸው፦ ሕጉ ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ ባንቺ ቦታ ተተክቶ ጉዳት አድራሹን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ለኔ ክፈሉ፣ ከዚያ እሱን ጠይቁት በያቸው።

የእሳት ፖሊሲ ደግሞ በስሙ እሳትን ነው የሚሸፍነው። መስታወት ቢሰብር፣ ልብሱን በምላጭ ቢቀድ እሳት አይደለም። በክፋት ለሚደርስ ጉዳት የሚባለውን ተጨማሪ ሽፋን አብረሽ ግዢ፤ ጭማሪው አያስደነግጥም። ዛቻውን ግን አትደብቂ። በሰው ልኮብሻል፣ ታውቂያለሽ፤ 667 እዚህም አለ። ዛቻውን ለፖሊስ አመልክቺ፣ የማመልከቻውን ቅጂ ከፎርሙ ጋር አያይዢ፣ ቁልፍ መቀየርሽንና ጥበቃ ካለም ጻፊ። ዛቻውን ያደረሰልሽ ሰው ምስክር ለመሆን ፈቃደኛ ከሆነ ስሙን ፖሊስ ጋ አስይዢ።

የሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ ደግሞ ዓይንሽ «ተጠቃሚ» የሚለው መስመር ላይ ይሁን። የልጆቼን ስም እጽፋለሁ ማለትሽ አይቀርም፣ እናት ናትና ሌላ ምን ትላለች። ግን ልጆቹ ትንንሽ ናቸው። አንቺ ብታልፊ ሞግዚታቸው በሕጉ የሚሆነው በሕይወት ያለው ወላጅ ነው፣ እሱ ማለት ነው። የልጆቹን ገንዘብ የሚያስተዳድረውም እሱ ይሆናል። ይህን የሚነግርሽ ወኪል አላየሁም። ለዚህ ብዙ ሴቶች እናታቸውን ወይም እህታቸውን ተጠቃሚ አድርገው ከእሷ ጋር ለልጆች እንዴት እንደሚውል በጽሑፍ ይስማማሉ። በፊት የገባሽው የሕይወት ፖሊሲ ካለም፣ በመሥሪያ ቤት በኩልም ቢሆን፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ። የሱ ስም ካለ አስቀይሪ።

ሕክምናውን ባጭሩ። በሱ መሥሪያ ቤት የሕክምና ሽፋን ውስጥ ከሆንሽ የታከምሽበት ደረሰኝ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንደሚሄድ አትርሺ፤ የት ከተማ፣ የትኛው ክሊኒክ እንደሆንሽ ከዚያ ይታወቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ አባልነቱ በአባወራ ነው፣ ካርዱ አንድ ነው። እሱ እጅ ካለ እየተሟገትሽ ቀን አታባክኚ። አሁን በምትኖሪበት ቀበሌ ከልጆችሽ ጋር ራስሽን ችለሽ እንደ አንድ ቤተሰብ ለመመዝገብ አመልክቺ። የጀመርሽውን የፍቺ ክስ ማስረጃ ያዢ፣ ይጠይቁሻል።

አድራሻሽን በተመለከተ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ድሬ ሁሉ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ወኪሉ ከባልሽ ጋር አንድ መቃሚያ ቤት ሊገናኝ ይችላል፣ በክፋት ሳይሆን በወሬ ያመልጠዋል። ስለዚህ ፎርሙን ድሬ ሳይሆን ሐረር ቅርንጫፍ አስገቢ፣ ያለ ወኪል፣ በቀጥታ። የመኖሪያ አድራሻ ላይ አትዋሺ፤ ለደብዳቤ መላኪያ ግን የፖስታ ሳጥን መስጠት ወይም «ከቅርንጫፉ ራሴ እወስዳለሁ» ብሎ መጻፍ ትችያለሽ። ሲም ካርድሽ በሱ ስም የወጣ ከሆነ ቀይሪው። አረቦኑን ከጋራ ሂሳባችሁ አትክፈዪ፣ ዝርዝሩ ላይ የድርጅቱም የቅርንጫፉም ስም ይወጣል። «የቅርብ ተጠሪ» የሚለው ላይ እህትሽን ጻፊ። ከዚያ አንድ አጭር ደብዳቤ ጽፈሽ ፋይሉ ላይ አስያያዢ፦ «ስለዚህ ፖሊሲ ከኔ በቀር ለማንም፣ ለትዳር ጓደኛም ጭምር፣ በአካልም በስልክም መረጃ እንዳይሰጥ»። ቅጂው ላይ ማኅተም ይመታልሽ። ደውሎ «ባሏ ነኝ» የሚል ሰው ስንቴ መልስ ሲያገኝ ሰምቻለሁ።

የጥቃቱንና የሕክምናውን ማስረጃ ዋናውን ሱቅ ውስጥ አታስቀምጪ። እህትሽ ቤት ይቀመጥ፣ ፎቶውም በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይኑር። አንድ ቀን ካሳ የምትጠይቂበት ነገር ከደረሰ ደግሞ አትዘግዪ፤ ፖሊሲሽ ላይ የተጻፈው የማሳወቂያ ቀን አጭር ነው፣ ለክስ ያለሽ ጊዜም በሕጉ 2 ዓመት ብቻ ነው። ፎርሙን ከመፈረምሽ በፊት እንዳየው ከፈለግሽ ስምሽንና አድራሻሽን ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም።